አንድ ሺህ ብር

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3 ለሕሊና ጉዳት የሚፈረድ ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ልጅ ሞቶባችሁ፣ እናት ሞታባችሁ፣ ዓይናችሁ ጠፍቶ ብትከሱም ለሐዘኑና ለሥቃዩ ጣሪያው ይኸው ነው። የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ነው።

ያኔ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ስለነበር 400 ዶላር ያህል ይሆናል፤ በጊዜው ይፋ ዋጋ ከ350 ግራም በላይ ወርቅ ይገዛ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በሟች ቤተሰብ ላይ ለመቀለድ አላሰቡም። ዛሬ ግን ያው 1 ሺህ ብር 10 ዶላር አይሞላም።

«ቁሳዊ ጉዳቱ እኮ በሙሉ ይካሳል» የሚሉኝ ጠበቆች አሉ። እውነት ነው፤ የሕክምና ወጪውም የቀረው ገቢም ይታሰባል። ታዲያ መኪና የገጨው የሰባት ዓመት ልጅ ምን ገቢ ቀረበት? ማንን ይጦር ነበር? ከሕክምናና ከቀብር ወጪ በቀር ለወላጆቹ የሚቆጠርላቸው ኪሳራ የለም ማለት ይቻላል። ደመወዝ የሌላቸው አያትም እንዲሁ። ጣሪያው በጣም የሚጫነው ሕይወታቸው በደመወዝ የማይለካውን ሰዎች ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

በዚያው አንቀጽ ዳኛው የአካባቢውን ልማድ እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ልማዳችን ደግሞ የደም ካሳን ያውቃል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ ተሰምቶ፣ ጥፋተኛው አቅሙ ተመዝኖ የሚወሰን ነው። ዳኛው ይህን ሁሉ ቢመረምርም መጨረሻ ላይ 1 ሺህ ብር ይጽፋል።

ገደብ ፈጽሞ አይኑር አልልም። ሐዘን መለኪያ የለውም፤ አንዱ ችሎት ሚሊዮን ሌላው መቶ ቢፈርድም ፍትሕ አይሆንም። ችግሩ ቁጥሩ ደንዝዞ መቅረቱ ነው። ካሊፎርኒያም ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕክምና ስህተት ክስ ለሥቃይ ካሳ 250 ሺህ ዶላር ጣሪያ አበጀች፤ 47 ዓመት ሳትነካው ቆየች። በ2022 የወጣው ሕግ ከ2023 ጀምሮ ጣሪያውን ለጉዳት 350 ሺህ፣ ለሞት 500 ሺህ አደረገው፤ በየዓመቱ እያደገ በ10 ዓመት 750 ሺህና 1 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ከዚያም በየዓመቱ 2 በመቶ ይጨምራል።

የእኛም ምክር ቤት ቁጥሩን ብቻ ለውጦ እንዳይተወው እፈራለሁ። 100 ሺህ ብር ብሎ ቢጽፍ የልጅ ልጆቻችን ይህንኑ ክርክር ይወርሳሉ። ወይ ጣሪያው ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይስተካከል፣ ወይ ንዑስ ቁጥር 3 ተሰርዞ ለዳኛው በርትዕ የመወሰን ሥልጣኑ ይመለስለት።