በእግር ወደ እንጦጦ

በእስፓኝ አገር ተሳላሚዎች ከኢሩን ተነሥተው፣ በሰሜኑ የባሕር ጠረፍ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው፣ ሳንቲያጎ ከተማ ያለውን የቅዱስ ያዕቆብን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። መሪያቸውም በየመንገዱ የተሳለ የዛጎል ምልክት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ለዚህ የሚበቃ ገንዘብም የዕረፍት ፈቃድም ባይኖርህ አትዘን። ወር በገባ በ21፣ በማርያም ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ከጉለሌ ሽሮ ሜዳ ተነሥተህ ዳገቱን ያዝ። መሪ አያሻህም፤ ነጠላ የለበሱትን ተከተል። ባሕር ዛፉ ሲሸትህና ትንፋሽህ ሲያጥር፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ መቃረብህን ዕወቅ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ከላይ ትጠብቅሃለች።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ቢገጥሙህ መንገድ ልቀቅላቸው። አንተ ለነፍስህ አንድ ቀን በወጣህበት ዳገት እነርሱ ለዕለት እንጀራ ይመላለሱበታል፤ ስትሳለም እነርሱንም አስብ።