በመኪና ሬድዮ ውስጥ ስለሚሰማው ጩኸት

ጩኸት የሚሰማበት ስፍራና ጩኸት የሚወለድበት ስፍራ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በመኪናችን ውስጥ የዜማውን ወይም የወሬውን ድምፅ የሚያበላሽ ፉጨት በተሰማን ጊዜ ጆሯችን የሚያመለክተን ወደ ስፒከሩ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ስፒከሩን ወቅሶ ሌላ ስፒከር ይገዛል። አዲሱም ከአሮጌው የተሻለ ጥራት ያለው የሆነ እንደ ሆነ፥ ፉጨቱን ከቀድሞው ይልቅ አጥርቶ ያሰማዋል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ችግሩ ግን በስፍራው ነው። ይህን ነገር መርምሮ ለማግኘት ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚበጅ፥ በቤታችን ከደረሰው ጋራ አያይዘን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ችግሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ፖል ጋልቪን የተባለው የፋብሪካ ባለቤት በመኪና ላይ የሚገጠም ሬድዮ ባሠራ ጊዜ፥ እርሱንና ባልደረቦቹን እጅግ ያስቸገራቸው የመኪናው የራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ጩኸት ነበር። ስለዚህ የጩኸቱን ምንጮች አንድ በአንድ እየፈለጉ ማጥፋት ግድ ሆነባቸው። ሞቶሮላ የተባለው ስም የወጣው ለዚያ የመኪና ሬድዮ ነው። ከሦስት ዓመትም በኋላ፥ በ1933 ዓ.ም.፥ ኤድዊን አርምስትሮንግ የተባለው መሐንዲስ ዛሬ ኤፍ ኤም የምንለውን የሬድዮ ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ የድካሙም ዋና ምክንያት ሬድዮን ከጩኸት ለማዳን ነበር። እንግዲህ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ሸገርን በ102.1 አጥርተን ስንሰማ፥ ጩኸትን በትዕግሥት ያሳደዱ ሰዎች የደከሙበትን ፍሬ መብላታችን ነው።

በእኛ ቤት ይህ ጩኸት የገባው ቀላል በማይባል ስፍራ ነበር። አባታችን በሕይወት ሳሉ በአንድ የልደት ሌሊት ሲያዜሙ በካሴት የተቀረጸ ድምፃቸው አለን፤ ልጃችንም ከካሴቱ ወደ ስልክ አዛውሮልናል። እናታችን ይህን በቤት ውስጥ፥ እንግዳና ጎረቤት ሲመላለስ፥ መስማት አይወዱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሰበታ ስንሄድ ግን፥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ «እስቲ አባታችሁን ክፈቱልኝ» ይላሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዜማው ከመንገዱ አስቀድሞ ያልቃልና ደግመን እንከፍትላቸዋለን።

ልጃችን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አምፕሊፋየር ካስገጠመ ወዲህ፥ ከአባታችን ድምፅ በታች ቀጭን ፉጨት መሰማት ጀመረ። ነዳጅ ስንሰጥ ይወጣል፤ ስንተው ይወርዳል። እናታችን ሁለት እሑድ ታገሡ። በሦስተኛው እሑድ እጃቸውን አነሡና «ዝጉት ልጆቼ፤ የሚያሳድዳቸው ነገር ያለ ይመስላል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ክፈቱልኝ ማለትን ተዉ። እኛን ከፉጨቱ ይልቅ ያሳዘነን ይህ ዝምታቸው ነው።

ወደ አንድ ሱቅ ሄደን ብንጠይቅ፥ ባለሱቁ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ ሬድዮውንም አምፕሊፋየሩንም ገመዱንም መለወጥ ይሻላል አለን። ልጃችን በዚህ ደስ አለው፤ ወጣት አዲስ ነገር ይወዳልና። ባለቤታችን ግን የቤቱን ወጪ የምታውቀው እርስዋ ናትና «መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይገዛል» አለች። እኛም ቃሏን አጸደቅን። በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ ስለ ኖርን፥ ምስክሮች በአንድነት ቆመው የተናገሩ እንደ ሆነ እውነቱ እንደማይለይ እናውቃለን፤ እያንዳንዱ ብቻውን ገብቶ ይሰማል። በዜማ ቤትም ቢሆን መምህሩ ዜማውን የሚያፈርሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሲፈልግ፥ ሁሉን ዝም አሰኝቶ አንዱን ብቻውን እንዲያዜም ያደርጋል። የመኪናን ጩኸት የሚመረምር ሰውም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ እንግለጽ። የመኪና ባትሪ ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሞተሩ ሲነሣ መካኒኮች አልተርኔተር የሚሉት ዲናሞ ባትሪውን እየሞላ ወደ 14 ቮልት ገደማ ያደርሰዋል። ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ፍጹም ለስላሳ ግን አያደርጉትም፤ ጥቃቅን ሞገድ ይቀርበታል። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው 2500 ጊዜ ይዞራል እንበል። 12 የማግኔት ዋልታ ያለው ዲናሞ በአንድ ዙር 36 ሞገድ ይሰጣልና፥ ይህ በሰኮንድ 1500 ሞገድ ይሆናል፤ ይህም የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ነው። ሞተሩ 2000 ሲደርስ ሞገዱም 3000 ይሆናል። ፉጨቱ ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣው፥ ሲተው የሚወርደው ስለዚህ ነው። ይህ ሞገድ ዲናሞ ባለው መኪና ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ የምርመራው ጥያቄ ሞገዱ መኖሩ ሳይሆን ወደ ድምፁ መንገድ በየትኛው በር እንደ ገባ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን ከልጃችን ጋራ መመርመር ጀመርን። አንደኛ፥ ሞተሩን ሳናስነሣ ሬድዮውን ብቻ ከፍተን አዳመጥን፤ ፉጨት የለም። ስለዚህ ነገሩ ከሞተሩ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ሁለተኛ፥ ሞተሩን አስነሥተን የድምፁን መጠን እስከ ዜሮ ዝቅ አደረግን፤ ፉጨቱ አልጠፋም። ይህ ታላቅ ምስክር ነው። ድምፁ ዝቅ ሲል ጩኸቱም አብሮ የጠፋ እንደ ሆነ፥ የገባው ከአንቴናው ወይም ከስልኩ በኩል ነው። ሳይጠፋ የቀረ እንደ ሆነ ግን የገባው ከመቆጣጠሪያው ወዲያ፥ ከሬድዮው ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የድምፅ ገመድ ወይም ከአምፕሊፋየሩ በራሱ በኩል ነው።

ሦስተኛ፥ ድምፁን ከፍ አድርገን ስልኩን ከቻርጀሩ ነቀልነው። ፉጨቱ ተቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ጥፋተኛው ሁለት መሆኑ በዚህ ታወቀ። አራተኛ፥ ሁሉን አጥፍተን የድምፁን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ላይ አወለቅንና ሞተሩን እንደ ገና አስነሣን፤ ጸጥታ ሆነ። አምፕሊፋየሩ ጤናማ ነው፤ ጩኸቱ የሚገባው በድምፁ ገመድ ነው። አምስተኛ፥ ገመዱን መልሰን ድምፁ እየተሰማ ሳለ፥ በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፕሊፋየሩ የግራውንድ ብሎን መካከል በቮልት መለኪያ ለካን። በመልካም የታሰረ ግራውንድ ከ0.1 ቮልት ባያልፍ ይገባዋል፤ የእኛ ግን ከግማሽ ቮልት በላይ ሆኖ ተገኘ።

ብሎኑን ፈትተን ብናይ፥ አምፕሊፋየሩን የገጠመው ሰው የግራውንዱን ገመድ ከቀለም በላይ አስሮት ኖሯል። ቀለም ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኃይል ዋናው መንገድ ስለ ጠበበበት፥ በቀጭኑ የድምፅ ገመድ ልባስ በኩል ይመለስ ነበር፤ አውራ ጎዳናው የተዘጋበት መንገደኛ በሰው ግቢ እንደሚያቋርጥ ማለት ነው። የዲናሞውንም ሞገድ ይዞ ሲያልፍ አምፕሊፋየሩ እንደ ዜማ ቈጥሮ ያጎላዋል። ስልኩም በቻርጀሩ በኩል ከአንድ ግራውንድ፥ በድምፅ ገመዱ በኩል ከሌላ ግራውንድ ስለ ተያያዘ፥ እንደዚሁ ያለ ሁለተኛ ቀለበት ሠርቶ ነበር።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን፥ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅነው። ወፍራምና አጭር ገመድ አድርገን አጥብቀን አሰርነው፤ ዝገት እንዳይዘው በላዩ ቅባት ቀባን። የኃይሉ ገመድና የድምፁ ገመድ ከምንጣፉ ሥር ጎን ለጎን ተኝተው ስለ ነበር፥ አንዱን ወደ ሌላው የመኪናው ወገን አዛወርነው። ለስልኩም ሁለቱን ግራውንዶች የሚለያይ፥ ድምፁን ግን የሚያሳልፍ ትንሽ ትራንስፎርመር በገመዱ መካከል አገባንበት። ሬድዮ አልተለወጠም፤ አምፕሊፋየርም አልተለወጠም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ማንም ሳይጠይቀን ድምፁን ከፈትነው። እናታችን ከዓለም ባንክ እስክናልፍ ድረስ ቃል አልተናገሩም። አባታችን በዜማው መካከል ትንሽ የሚስሉበት ቦታ አለ፤ በፉጨቱ ሰሞን ይህ ሳል አይለይም ነበር። እዚያ በደረስን ጊዜ «ሳላቸውም ተመለሰ» አሉ፤ ከዚያም እስከ ሰበታ ድረስ አዳመጡ።

የሌላው ሰው ጩኸት ከእኛ የተለየ ሊሆን ይችላልና ጥቂት ምክር እንጨምር። ጩኸቱ ሬድዮ ሲከፈት ብቻ ተሰምቶ ከስልክ ሲደመጥ የማይሰማ እንደ ሆነ፥ የአንቴናውን ገመድ ከሬድዮው ጀርባ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፤ ጩኸቱ የጠፋ እንደ ሆነ የአንቴናው እግር ከቆርቆሮው ጋራ በሚገባ መያያዙ ይታይ። ድምፁ ፉጨት ሳይሆን ከሞተሩ ጋራ የሚፈጥን ጠቅ ጠቅታ የሆነ እንደ ሆነ፥ ካንዴላዎቹና ገመዶቻቸው ይመርመሩ፤ ጩኸትን እንዲከለክል የተሠራ ካንዴላ በውስጡ 5000 ኦም ያህል መከላከያ አለው፤ ያለዚህ የተሠራ ካንዴላ ወይም የተሰነጠቀ ገመድ ሬድዮን ይረብሻል። ሞተሩ ሳይነሣ የሚሰማ ጩኸት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከርካሽ ቻርጀር ወይም ኋላ ከተገጠመ የኤል ኢ ዲ መብራት ይመጣል፤ አንድ በአንድ እየነቀሉ ማዳመጥ ነው። አዲስ ዕቃ ሳይገጠም ፉጨት በድንገት የጀመረና መብራቱም የሚርገበገብ እንደ ሆነ ግን፥ የዲናሞው ዳዮድ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

በምርመራው ጊዜ ጥንቃቄ አይጓደል። ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ይገድላልና። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የባትሪ ገመድ አይፈታ፤ የካንዴላም ገመድ አይነካ። ነጠላና ከረባት ከሞተሩ ቺንጋ ይራቁ። ከባትሪ ወደ አምፕሊፋየር በሚሄደው ገመድ ላይ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖሩ ይታይ፤ ፊውዝ የሌለው ገመድ ቢላጥ እሳት ያስነሣል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የቤት አባት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምክንያቱን ቢፈልግ፥ ልጁንም በዚህ ሥራ አጠገቡ ቢያቆም፥ ለልጁ የሚያስተምረው ስለ ገመድ ብቻ አይደለም። በቤተ ሰብም መካከል ነገር የሚሰማው በሚጮኸው ሰው በኩል ይሁን እንጂ፥ የተጀመረው ብዙ ጊዜ ሌላ ስፍራ፥ ማንም ባላየው በላላ ብሎን ነው። ይልቁንም ይለምን የነበረ ሰው መለመኑን በተወ ጊዜ፥ ሰላም ሆነ ብለን ሳንተኛ ምክንያቱን መፈለግ ይገባናል።