ከጠመንጃ በፊት ሕግ

በየክረምቱ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከትራፊክ ፖሊስ ጎን ቆመው እግረኛ የሚያሻግሩ የበጎ ፈቃድ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር የቆቦ ልጆች ትዝ ይሉኛል። እነዚህኞቹ የሕግ አስከባሪን ሙያ በሰላም ይለማመዳሉ፤ የቆቦ እኩዮቻቸው ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃፋቸው ሲደርስ ያዩት ሕግን ሳይሆን ጠመንጃን ነው። ውድ አንባቢ፣ መሣሪያ የታጠቀ ሁሉ ሕግ አስከባሪ እንዳልሆነ ለእነዚህ ልጆች ማን ያስረዳቸው?

ራያ ቆቦ ደም የሚያደርቅበት «ዘወልድ» የተሰኘ የሽምግልና ሥርዓት አለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በእኔ እምነት የነገው ፖሊስ ትምህርት ከእነዚህ ከሁለቱ ሊጀምር ይገባዋል። ከመሣሪያ አያያዝ አስቀድሞ የተያዘን ሰው መብት የተማረ ወጣት፣ ደንብ ልብስ ቢለብስ ጎረቤቱ አይሸሸውም።