ድንጋዩ ምን አጠፋ?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሥራ አሶሳ ስኖር ፂሜን የምላጨው በዕድሜ የገፉ አንድ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ የመጡ ሰው ናቸው። የሥራ ቤታቸው ሀብት አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ምላጭና መዳፍ የሚያህል አመድማ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን ያነሡት ከትውልድ አገራቸው ወንዝ ዳር ነው። ከዚያ ሁሉ መከራ መሀል ድንጋይ ይዞ መምጣት ምን ይባላል?

ድንጋዩ ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ። ዘይቱ ከምላጩ የሚፋቀውን የብረት ብናኝ አንሳፎ ይይዘዋል፤ አለዚያ ብናኙ ድንጋዩን ይደፍነውና መሳሉ ይቀራል። ኑግ በሞላበት አገር ለምን የኑግ ዘይት እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው፣ «ይደርቅና ሙጫ ይሆናል ልጄ፤ የስፌት መኪና ዘይት ነው ደጉ» አሉኝ። ከዚያ ምላጩን ያጋድሙታል። ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እኩል እየነኩ፣ ስለቱን አስቀድመው ይገፉታል። መጫን ብሎ ነገር የለም። በመጨረሻ የቆዳ ጠፍር ላይ፣ አሁን ደግሞ ጀርባውን አስቀድመው፣ ያመላልሱታል።

አንድ ቀን አዋቂ ነኝ ብዬ የተወለወለ የዕብነ በረድ ስባሪ ይዤላቸው ሄድኩ። ክልሉ በዕብነ በረድ የታወቀ አይደል? ሳቁብኝ። «ይሄማ ለመልክ ነው!» እውነታቸውን ነው። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ዕብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን፣ ብዙዎቹ መሳያ ድንጋዮች ግን 7 ከሚደርሰው ከኳርትዝ ወገን ናቸው። በአሜሪካ አርካንሳስ የሚወጣው ዝነኛው የዘይት ድንጋይ ኖቫኩላይት ይባላል፤ ስሙ የመጣው ምላጭ ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

ታዲያ ያ ጊዜ የኤድስ ጊዜ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እኔ አሶሳ በነበርኩበት ጊዜ «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» የሚል ምክር ያልሰማ አልነበረም። አንድ ጠዋት ምላጩ ከእኔ በፊት የተቀመጠውን ሰው አገጩ ላይ ሸረፍ አደረገው። ሽማግሌው ምላጩን በጨርቅ ጠረጉት፣ ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስቴ አመላለሱትና «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። «አንድ ጉዳይ ረስቼ፤ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

መፍራቴ ስህተት አልነበረም። ድንጋይ ብረት ይስላል እንጂ ደም አያነጻም። እንዲያውም ኤችአይቪ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ሲዳከም፣ ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ጥፋቴ ምክንያቱን አለመናገሬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቀዘ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የተላጨ አገጬን አይተው ሌላ ቤት መሄዴን ያውቃሉ፤ ሰላምታቸው ግን አልጎደለም። እንደ እኔው «መጣሁ» እያለ የቀረው ደንበኛ ብዙ ነው። «አባባ፣ ምላጩን በየሰዉ መሀል ያፍሉት» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም። ያወቅን ሁሉ ለራሳችን ብቻ አወቅን።

ከወራት በኋላ ከአባቴ የወረስኩትን ምላጭ ይዤ ሄድኩ። ዶልዱሟል።

«ይሄን ይሳሉልኝ። ከእንግዲህ በራሴ ምላጭ ነው የምላጨው» አልኳቸው። ፊቴ እየጋለ ያን ጠዋት ለምን እንደሸሸሁም ነገርኳቸው።

ድንጋዩ ላይ ዘይት ጠብ አደረጉ። ምላጩን አላነሡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«ያን ዕለት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። «ካንተ በኋላ ስንቱን ሰው ላጨሁበት!»

ምላጬን ስለው ሰጡኝ። ሂሳብ ግን አልተቀበሉኝም።