ባለጌ አይደለም፣ ጭንቅ ይዞት ነው

እናቶችና አባቶች፣ ያሳፈረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለው። በፋሲካ ሰሞን ከእናቱ ጋር ሆነን ወደ ኮቴል ልንሄድ በያፎ በር በኩል የድሮው ከተማ ገባን። ገበያው ጢም ብሏል። ሻጩ ይጮኻል፣ ጋሪው ድንጋዩ ላይ ይንኳኳል፣ ደወል ይደወላል፣ ሰው ይጋፋል። ልጁ ጆሮውን ያዘ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተዘርሮ እጁን ይነክስ ጀመር። እኔ “ተነስ!” ብዬ ክንዱን ጎተትኩት፤ እጁንም መታሁት። ባሰበት። አንዲት የኛው ሴት ቆም ብላ “በእንቁላሉ ጊዜ ብትቀጡት ኖሮ…” አለችን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጄ ግን ምንም አልተናገረችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ከሰው ከለለችው። ሲበርድለት ይዛው ወጣች።

በእግራችን በሀነቪኢም በኩል ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ወሰደችን። ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ጀርባ ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን። ጸጥ ያለ ነው። ልጁ ጣቱን ግንቡ ላይ እያስኬደ፣ እያንጎራጎረ ሄደ። ያው ልጅ ነው እኮ! የተለወጠው ጫጫታውና ግፊያው ነው።

ያን ቀን ገባኝ። ድምፁም፣ ብርሃኑም፣ ግፊያውም ባንዴ ይመጣበታል፤ በአፉ “በቃኝ” ማለት ሲያቅተው በሰውነቱ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ቁጣም ምክርም አይገባውም። ስለዚህ ቃል አሳንሱ፣ ጸጥ ወዳለ ቦታ ውሰዱት፣ ራሱን እንዳይጎዳ ጠብቁት። ሲረጋጋ “ከመጮሁ በፊት ምን ነበር?” ብላችሁ አስቡ። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ደግሞ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ሐኪም ይየው፤ ሕመሙን መናገር አቅቶት ሊሆን ይችላል።

“ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው” እያልን አንደብቃቸው። እዚህ አገር አሉት የተባለውን ማኅበር በ1974 ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። በአዲስ አበባም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በፈረንጆች 2002 የከፈቱት የገዛ ልጃቸው ችግር አስተምሯቸው ነው። እናንተም ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ ስለ ልጆች እድገት ክፍል ጠይቁ፤ ከቢቱዋህ ለኡሚም ለልጁ የሚሰጥ አበል አለ።

አሁን ከቤት ስንወጣ የጆሮ መከለያውን ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። ያችን ሴት ባገኛትም አልቆጣትም። እኔም እኮ መትቼዋለሁ።