ያልተነገረ ሒሳብ

ስልኬ ላይ የሚመላለሱት የገንዘብ ምክሮች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ይመስለኛል። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚደርሰው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ማኪያቶ የሚያበዛ የአዲስ አበባ ሰው። «ከደመወዝህ 20 በመቶውን ቀድመህ አስቀምጥ» ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ፊልቱ ተቀምጬ ሳነበው ግን ለማን እንደተጻፈ ግራ ይገባኛል። ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የሊበን ዞን ከተማ የአብዛኛው ሰው ሀብት በአራት እግሩ የሚሄድ ነው። ደመወዝተኛው እንኳ ዘመድ ዘንድ ያስቀመጣት ፍየል ወይም ግመል አታጣም። ገቢው ሲዘንብ ይመጣል፣ ሲደርቅ ይጠፋል።

ስለዚህ ከዚሁ ከራሳችን ልነሳ። ቆላው ላይ ገንዘብ ሲባክን ሳይ፣ ከኋላው ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ያልተነገረ ነገር አገኛለሁ። ዋጋ አንናገርም። ዕዳችንን ለሚስት ወይም ለባል አንናገርም። ለዘመድ «አልችልም» ማለት ያቅተናል። ስብሰባ ላይ ስለ ውሃችን እጅ ማውጣት እንፈራለን። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ አነጋገርንና አያያዝን አንድ ላይ ያሰሩት ያለ ነገር አይመስለኝም።

መጀመሪያ ከብት ተራ እንግባ። በሶማሌ የከብት ገበያ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፦ ደላላው የገዢውን እጅ ይይዝና በሽርጥ ወይም በፎጣ ጫፍ ይሸፍነዋል። ድርድሩ በጣት ነው፤ እያንዳንዱ አጨባበጥ ቁጥር አለው። ዙሪያውን የቆመው ሰው አንዲት ቃል አይሰማም። ደላላ ሁሉ ሌባ ነው የሚለውን የከተማ ወሬ አልቀበልም። ደላላው ሻጩን ያውቃል፣ ከብቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ ይመሰክራል፣ ነገር ከመጣም የሚጠየቀው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ከማያውቀው አርብቶ አደር ላይ አይገዛም ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ባለ ከብቱ የራሱን ዋጋ በልቡ ሳይዝ ከቤት ሲወጣ ነው። ፎጣው ሥር ያለውን ቁጥር ማየት ባይችል፣ ፎጣው ከመሸፈኑ በፊት መናገር ግን ይችላል። ማታ ወደ ነገሌና ወደ ዶሎ ሁለት ስልክ ደውሎ የዋጋውን አዝማሚያ ይጠይቅ። ጠዋት ደላላውን ሰው ባለበት ያቁመውና «ከዚህ በታች አልሸጥም፤ የአንተ ድርሻ ይህ ነው» ይበለው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በሰው ፊት መናገርን ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ መድረክ አላውቅም፤ ሲሳሳቱም ሲሳካም ውጤቱ ወዲያው በብር ይታያልና።

ሁለተኛው ጉዳይ መቼ ይሸጥ የሚለው ነው። የዴይር ዝናብ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ጥሎ በታኅሣሥ ያበቃል። ከዚያ ጂላል ይገባል፤ የጉ ዝናብ እስኪጥል፣ እስከ መጋቢት ማብቂያ ድረስ ደረቅ ነው። በታኅሣሥ ሰብቶ የነበረው ፍየል በየካቲት አጥንቱ ይቆጠራል። በየካቲት ደግሞ ሁሉም ሰው ዱቄት ፈልጎ ይሸጣል፣ የዱቄቱ ዋጋ ይወጣል፣ የፍየሉ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ አርብቶ አደር የለም። ታዲያ ለምን አይሸጥም? የልማት ሠራተኞች «ከብት መቁጠር ይወዳል» እያሉ ሲያሾፉ ሰምቻለሁ። ፍርዱ ግፍ አለበት። ከድርቅ በኋላ መንጋ የሚተካው ከተረፈው ነው፤ ብዙ የነበረው ጥቂት ይተርፈዋል፣ ጥቂት የነበረው ባዶውን ይቀራል። በዚያ ላይ ጥሬ ብሩ ራሱ አይታመንም። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፍየሉን ሸጦ ብሩን ሳጥን ውስጥ የቆለፈ ሰው ምን እንደደረሰበት ያውቀዋል።

እና የምለው ይህ ነው። እናቶቹን አትንኩ። ወይፈኑን፣ ሙክቱን፣ ከእንግዲህ የማትወልደውን ግን ዴይር ሳያልቅ ሽጡ። ከመሸጣችሁ በፊት ብሩ ምን እንደሚሆን ወስኑ፤ የጂላል ዱቄት፣ የከብት መድኃኒት፣ የዱቤ መክፈያ፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን። ሥራ ሳይያዝለት ቤት የገባ ብር ዘመድ ይጠራል።

አረፋ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። ፊልቱም ሆነ ነገሌ የበግና የፍየል ዋጋ ለአረፋ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ያላሰላው የበዓሉን አመጣጥ ነው። የሒጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር አረፋ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ቀን ዋለ፤ ጉ በደህና ከዘነበ እንስሳው የሚወፍርበት ጊዜ ነው። በዚሁ ስሌት በ2025 ዓ.ም. መጋቢት መጀመሪያ ግድም ይውላል። የጂላል ጫፍ ማለት ነው፤ ገዢው ሲበዛ እንስሳው የሚከሳበት። ከአሁኑ ድርቆሽ ማጨድና ማስቀመጥ የለመደ፣ አምስት ስድስት ሙክት ከጥላ ሥር አስሮ መቀለብ የቻለ ቤተሰብ ያን ጊዜ ጥሩ ዋጋ ያገኛል። ይህ ሳይዘገይ የሚታሰብበት ነገር ነው፤ ድርቆሽ ማጨድ በአንድ ዓመት አይለመድም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ምን እንደሆንን መዘርዘር አልፈልግም። ቦረናም ሊበንም ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ከብት መድን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። መድኑ አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኦሮሚያ ኢንሹራንስ ጋር ቦረና ላይ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ በሶማሌ ክልል ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም. ተመሳሳዩን አምጥቷል። አሠራሩን ሳይረዱ ገብተው የሚጣሉ ስላሉ በአጭሩ ልበል፦ ሳተላይቱ የሚያየው የአካባቢውን የግጦሽ ልምላሜ ነው፤ የእርስዎን ላም አያያትም። ግጦሹ ከተለመደው በታች ሲደርቅ ክፍያው ይመጣል፣ ከብቱ ሳይሞት መኖና ውሃ እንዲገዛበት። ላሟ በበሽታ ብትሞት ግን ሳንቲም አይከፈልም። የጎረቤት ቀበሌ ዘንቦ የእርስዎ ብቻ ቢደርቅም ላይከፈል ይችላል። ይህን አውቆ የሚገባ ይግባ። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት፤ ለመጠየቅ ማፈር ውድ ነው።

አሁን ወደ ቤት ልግባ፤ ትልቁ ዝምታ ያለው እዚያ ነው። የአገራችን ሱቆች ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ከጽሑፉ ሥር ያለው ባለ ሱቅ ግን የዱቤ ደብተሩ እንደ ስልክ ማውጫ ወፍሯል። ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሩዝ ይወሰዳል፤ ከብት ሲሸጥ ይከፈላል። ያለ ዱቤ ቆላው ውስጥ ጂላልን የሚሻገር ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዱቤ ውሰዱ፣ አታፍሩበት። የሚያስፈራው ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያውቀው ባለ ሱቁ ብቻ ሲሆን ነው። ባል የከብቱን ሒሳብ ያውቃል፣ ሚስት የወተቱን ታውቃለች፤ ሁለቱ ሒሳቦች አንድ ምንጣፍ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። እሷ ከወተት ሽያጭ ያጠራቀመችውን ትደብቃለች፣ ምክንያቱም እሱ ለጫት ይወስደዋል ብላ ትሰጋለች። እሱ ዱቤውን ይደብቃል፣ ምክንያቱም ትናደዳለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቤቱ ግን ይጎዳል። በወር አንድ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የዱቤውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ መጥቶ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ብዙ ጠብ ያስቀራል። የመጀመሪያው ማታ ከባድ ነው፤ አልዋሻችሁም።

ሴቶቹ በዚህ ነገር ከወንዶቹ ይቀድማሉ። ሶማሌዎቹ አዩቶ ወይም ሀግባድ የሚሉት፣ እኛ ዕቁብ የምንለው፣ እዚህ የሚቆመው በአብዛኛው በሴቶች ነው። 20 ሴቶች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ አንዷ በአንድ ጊዜ 10,000 ብር ታነሳለች፤ ወለድ የለው፣ መያዣ የለው። ዋናው ጉልበቱ ግን ሌላ ይመስለኛል። ዕጣው ሳይደርሳት የቸገራት ሴት ችግሯን በጓደኞቿ ፊት ተናግራ ተራ ትለምናለች፤ ያልከፈለችም ለምን እንዳልከፈለች በአፏ ታስረዳለች። ስለ ገንዘብ በሰው ፊት መናገርን በየሳምንቱ ይለማመዳሉ። ወንዶቹ ይህ የላቸውም።

ወለድ የማይበላ ሰውም ከባንክ ውጭ መቅረት የለበትም፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አለ፤ ከሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ያደገው ሸበሌ ባንክም ክልሉ የለመደው፣ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ሄሎካሽ አለው። ቴሌብርም ደርሷል። ከከብት ተራ ብር በኪስ ይዞ በሌሊት መኪና መሄድ አብቅቶለታል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለባለ ሱቁ ልጅ አትንገሩ፤ ዝም የሚባልበት ቦታ ይሄ ነው።

ስለ ዘመድ ሳልናገር ባልፍ ግን ይህ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ቦረናዎች ቡሳ ጎኖፋ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ተሰብስቦለት እንደገና መንጋ ይጀምራል። ሶማሌዎቹም የምትታለብ እንስሳ ለቸገረው ያውሳሉ። ይህ ከየትኛውም ኢንሹራንስ ይበልጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ከተማ የገባው ደመወዝተኛ ግን በስልክ ይጠየቃል፣ በየቀኑ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ሥርዓት። «የለኝም» ብሎ ይዋሻል። ደመወዝ መቼ እንደሚገባ አገር ስለሚያውቅ ውሸቱ ይነቃል፣ ቅሬታ ይፈጠራል፣ እሱም እንቅልፍ ያጣል። የተሻለው መንገድ በዓመቱ መጀመሪያ ለዘመድ የሚወጣውን ገንዘብ መቁረጥና ለታላቆቹ በግልጽ መናገር ነው፦ «አጎቴ፣ ዘንድሮ ለቤተሰብ ያሰብኩት ይህን ያህል ነው፤ ማን እንደሚቀድም እርስዎ ይምሩኝ።» ውሳኔውን ለሽማግሌ ሲሰጡ ለራስ ክብር ይቀራል፣ ለሽማግሌውም ይጨመራል። ዓመቱ ሲጋመስ «አልቋል» ሲባል የሚመሰክር ሰው አለ ማለት ነው።

ጫትን በተመለከተ ስብከት አልጀምርም። በቀን 150 ብር የሚቅም ሰው በዓመት 54,750 ብር ያወጣል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። ነገር ግን የከብት ዋጋ፣ የዝናብ ወሬ፣ የመኪና ዜና የሚገኘው መቃሚያው ውስጥ ስለሆነ በአንዴ የተወ ሰው ወሬም ይቀርበታል። በገበያ ቀን ብቻ የወሰኑ አውቃለሁ፤ እንቅልፋቸው ተመልሷል።

ወደ አደባባይ ንግግር ስመጣ አንድ ነገር ይገርመኛል። የምንኖረው በአፍሪካ ቀንድ በአንደበታቸው ከታወቁ ሕዝቦች መካከል ነው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚሉት ጉባኤ ላይ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ፣ ለቀናት ይነጋገራሉ፣ ድምፅ ሳይቆጥሩ ይስማማሉ፤ ጉባኤው አካሉ የሆነበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሶማሌዎቹ ሺር በሚሉት ስብሰባቸው ላይ በግጥም ይከራከራሉ። ያው ከዛፉ ሥር አገር የሚያስታርቀው ሽማግሌ ቢሮ ሲገባ ግን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ በተራችን በሶማሊኛው ስብሰባ ላይ አንገታችንን እንደፋለን፣ ሰዋስው እንዳንሳሳት።

ያልተሰማ ቅሬታ የት እንደሚደርስ ነገሌ ታሪክ አላት። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር በምግቡና በመጠጥ ውሃው ተማርሮ አመፀ፤ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ከአብዮቱ የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው።

የእኛ ስብሰባ ያን ያህል ነገር አይፈልግም። ከሽማግሌዎቹ ግን የሚወሰድ አለ። ሌላው ሳይጨርስ አይገቡም። በምርቃት ይጀምራሉ፤ ምርቃቱ ለሰሚውም ለተናጋሪውም ትንፋሽ ይሰጣል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ከዚያ የሆነውን ይናገራሉ፣ ማንን እንደነካ ይናገራሉ፣ የሚፈልጉትን ይጠይቃሉ፣ ይቀመጣሉ። «የቦኖው ሞተር ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ሴቶቻችን ውሃ ከሩቅ ይቀዳሉ፤ ጠጋኙ መቼ እንደሚመጣ ቀኑን ንገሩን።» ይህን ያለ ሰው ተናግሯል። አማርኛው ቢሰባበር፣ ሶማሊኛው ቢያነክስ ማንም አያስታውሰውም፤ ቀኑን የጠየቀው ማን እንደነበር ግን ይታወሳል።

ፊልቱ፣ ነገሌ፣ ዶሎ ያላችሁ፦ ዴይር ሳያልቅ ሦስት ቦታ አፋችሁን ክፈቱ። ቤት ውስጥ ዱቤውን፣ ከብት ተራ ላይ ዋጋችሁን፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የውሃችሁን ነገር ተናገሩ። ሦስቱም ባንዴ የማይመች ከሆነ ከቤቱ ጀምሩ።