ሁለት ስክሪን፣ አንድ ነፍስ

የድሮ ኒንቴንዶ ዲኤስ ስትገዙ የታችኛውን ስክሪን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። መሐሉ በጭረት የተሞላ ከሆነ ባለቤቱ "ዘ ወርልድ ኢንድስ ዊዝ ዩ"ን ሲጫወት ኖሯል ብላችሁ ብትጠረጥሩ አይፈረድባችሁም። ስኩዌር ኢኒክስና ጁፒተር አብረው የሠሩት ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን፣ በዓመቱ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣ። ሰሞኑን አቧራውን አራግፌ እንደገና ጀምሬዋለሁ።

ታሪኩ ቶኪዮ ውስጥ፣ ሺቡያ ነው። ኔኩ የሚባል ማዳመጫ ከጆሮው የማይለይ፣ ሰው የሚያስጠላው የ15 ዓመት ልጅ፣ ትዝታው ተሰርቆ መስቀለኛ መንገዱ መሐል ይነቃል። ሰባት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ውስጥ ገብቷል፤ የተሸነፈ ይደመሰሳል። ብቻውን ደግሞ መዋጋት አይችልም። አጋር መያዝ ግዴታው ነው።

ጉዱ የሚጀምረው ውጊያው ላይ ነው። ጠላቶቹ በሁለቱም ስክሪን በአንድ ጊዜ አሉ። ታች ኔኩን በብዕር ትመራላችሁ፤ ላይ አጋሩን ሺኪን በቀስት ቁልፎች። ኔኩ ኃይሉን የሚያገኘው ልብስ ላይ ከሚሰኩ ፒኖች ሲሆን እያንዳንዱ ፒን የራሱን እንቅስቃሴ ይፈልጋል። አንዱ ጠላት ላይ ሰረዝ ማድረግ ነው፣ አንዱ ባዶ ቦታ ላይ መንካት፣ አንዱ መሬቱን መሞነጫጨር፣ አንዱ እሳት ለመለኮስ ብዕሩን መጎተት። ማይክሮፎኑ ላይ መጮህ የሚጠይቅም አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ሞክሩትና የተሳፋሪውን ዓይን እዩ። በአንድ እጅ ቡና እየቆሉ በሌላው ሕፃን እንደማባበል ያለ ሥራ ነው። አረንጓዴ ብርሃን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል፤ ተቀባብላችሁ ከመታችሁ ምቱ ይበረታል። የሁለቱ ነፍስ ግን አንድ ነው፤ ሺኪን ረስታችሁ ኔኩን ብቻ ብትጠብቁት አብረው ይሞታሉ።

ዛሬ ስጫወተው ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ታየኝ። ያ ሁሉ ግራ መጋባት ታሪኩ ራሱ ነው። ከሰው መራቅ የሚፈልግ ልጅ እንዴት ወደ ሰው እንደሚጠጋ በንግግር ብቻ ከመተረክ ይልቅ፣ ተጫዋቹን ዓይኑን ለሁለት እንዲያካፍል ያስገድደዋል። መጀመሪያ ሺኪ ሸክም ትሆንባችኋለች፤ ትታችኋት ብትቆዩ ራሷ መዋጋት ትጀምራለች። ከሰዓታት በኋላ አውራ ጣታችሁ ሳታዩት ሲታዘዛት ታገኙታላችሁ።

እንከን የለበትም አልልም። ኔኩ የሚሮጠው ብዕር ሲጎተት፣ እሳቱም የሚነደው ብዕር ሲጎተት ስለሆነ፣ እሳት ስትፈልጉ ልጁ ጠላት ጉያ ውስጥ ዘው ይላል። ያም ሆኖ የዲኤስ ስክሪን የሚሰማው ግፊትን ነው፤ ብዕር ቢጠፋ ጥፍርም ይሠራል። መጫንና መቧጨር እጅ ላይ የሚተወው ስሜት የዛሬ ስልኮች መስታወት ላይ የለም።

ኋላ የመጡት እትሞች ይህን ግራ መጋባት ሊያስተካክሉት ሞከሩ። በ2012 ለአይፎንና ለአይፓድ፣ በ2018 ለስዊች ሲወጣ ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ሆኑ፤ አጋሩም ኔኩ አጠገብ ቆሞ የጣት ንክኪ ይጠብቃል። ሥዕሉ ጠርቷል፣ የታኬሃሩ ኢሺሞቶ ሙዚቃም ያው ልብ ያሞቃል። ግን ዓይን የሚያካፍለው ነገር ከሌለ ሺኪ ከፒኖቹ አንዷ ሆና ትቀራለች። እኔ የምመርጠው አስቸጋሪውን ነው።

ሺቡያም ያችው አይደለችም። የታማኙ ውሻ የሃቺኮ ሐውልት ዛሬም አለ። በጌሙ ውስጥ የሚታለፍበት ሚያሺታ ፓርክ ግን በ2020 ጣሪያው ላይ መናፈሻ ያለው የገበያ ሕንፃ ሆኗል፤ ከባቡር ጣቢያው ጋር የተያያዘው የቶኪዩ ቶዮኮ መደብርም በዚያው ዓመት ተዘግቷል።

የጌሙ አንድ ዘዴ ግን ያኔም አሁንም ያስቀኛል። ፒኖቹ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለም ልምድ ያካብታሉ፤ ብትተዉአቸው ያድጋሉ። ዓመታት ቆይቼ ስከፍተው ሀብት የማፍስ መስሎኝ ነበር። ሒሳቡ ግን ከሰባት ቀን በላይ አይቆጥርም።